ሙሸማው ላይ የተገተርኩበት ቀን

ጎባ ላይ አናጢነት የጀመርኩ ዕለት፣ የሹሙ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ "ወለል መሥራት ታውቃለህ?" አሉኝ። ከሸዋ ከጦሩ ጋር ስመጣ ከድንኳን ካስማ በቀር የጠረብኩት ነገር አልነበረም።

"እሱማ የልጅነት ሥራዬ ነው!" አልኩ።

ሥራው በመታጠቢያ ክፍላቸው ሳንቃ ላይ ሙሸማ፣ ሰም የጠጣ ወፍራም ጨርቅ፣ መዘርጋት ነበር፤ ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይሰርግ። ሙሸማውን ከሼክ ሁሴን ገበያ የተመለሰ ነጋዴ ነው ያመጣው። አንድ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም።

ሳንቃውን የፈለጠው ገልገሎ፣ ለቤቱ በገባርነት የተመደበ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ነበር። ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰና፣ "እንጨቱ በእርጥቡ ተመቶ ሲደርቅ ተጣሟል። ሚስማሩም ብቅ ብሏል። መጀመሪያ አስተካክለው" አለኝ።

"አንተ እንጨትህን ተሸከም!" አልኩት። ይህን ስል መላጊያውን የያዝኩት ገልብጬ ነው።

ሙሸማውን ዘረጋሁት። እዚህ ጉብታ፣ እዚያ ጎድጓዳ። ጉብታውን ልደፈጥጥ ዘልዬ ስቆምበት ሙሸማው ትርርር ብሎ በሚስማሩ ተቀደደ። ወዲያው ወይዘሮዋ ገቡ። ቀዳዳውን ረገጥኩት።

"ምን ገትሮሃል?"

"እንዲለጠፍ እየተጫንኩት ነው፣ እመቤቴ።"

"እንግዲያው እስኪለጠፍ እንዳትነቃነቅ" ብለው በርጩማ አስመጥተው በራፉ ላይ ፈትላቸውን ያዙ።

ለምሳ እስኪነሱ ድረስ ቆምኩ። እግሬ ደነዘዘ። ገልገሎ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ እግሬን አየ፣ ከዚያ ፊቴን። ሊያሳጣኝ ይችል ነበር።

"ውረድ" አለኝ ብቻ።

ሙሸማውን ጠቀለልን። ሚስማሮቹን ወደ ውስጥ መታን። ሲባጎ ወጥረን ጉብታውን ላግን፣ ጎድጓዳው ላይ ስስ ስንጥር መታን፣ ክፍተቱን በሰጋቱራና በሙጫ ደፈንን። ሙጫው እስኪደርቅ ሁለት ቀን በሩን ዘግቼ "ገና አልተለጠፈም" እያልኩ ወይዘሮዋን አዘገየሁ። ስንዘረጋው ቀዳዳውን ጥግ አድርገን ጋን አስቀመጥንበት።

ወይዘሮዋ በባዶ እግራቸው ሄዱበት። ጋኑ ዘንድ ቆሙና፣ "ቀዳዳው እዚህ ሥር ነው?" አሉ።

ለካ ያን ዕለት ቀዳዳውን ስረግጥ አይተውኛል።

"ወለሉን ማን አስተካከለው?"

አፌ "እኔ" ሊል ተከፍቶ ነበር። "ኦቦ ገልገሎ ናቸው" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ "አንተ" ብያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን በማግሥቱም እንጨት ተሸክመው መጡ።

ሙሸማ ከመዘርጋታችሁ በፊት ወለሉን በመዳፋችሁ ዳስሱ። የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቁት።