አያቴ ያወቁት ድምፅ

ለአያቴ ለቅሶ ስሄድ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ሽንኩርት ከሚጭን አይሱዙ አጠገብ ቆመ። የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ሲገባ መስኮቱን ዘጋሁ።

ልጆች ሳለን እኔንና የአጎቴን ልጅ ዘይነባን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፊታቸውን በፎጣ የሸፈኑ ሁለት ሰዎች አፍነው ወሰዱን። የዘጉብን ወንዙ ዳር ባለ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነበር። በቀዳዳ ስናይ የጎረቤታችን የእትዬ ከዲጃ ማሳ መሆኑን አወቅን። እትዬ ከዲጃ ከሞቱ ወዲህ የሚያርሰው አልነበረም።

በማግስቱ አንደኛው ለአያቴ ደውሎ ሲደራደር ቆየና፣ “ደህና ነን በያቸው” ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደቀነው። ዘይነባ እንደተማከርነው እሪ ብላ አለቀሰች። ሰውየው ሊያፍናት ሲዞር፣ “አባባ፣ ርቦናል። እትዬ ከዲጃ ምሳ ሠርተው ይጠብቁን” አልኩ።

“እሺ ልጄ፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ” አሉ አያቴ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰፈሩ ሰው ማሳውን ከበበው። አፋኞቹ አጠገቡ ባለው የሰው ማሽላ ውስጥ ገብተው አመለጡ።

ቤት ስንገባ አያቴ በሩን ዘግተው፣ “የደወለውን ሰው ድምፁን አውቄዋለሁ። ከገበታችን በልቷል” አሉ።

“ማን ነው አባባ?”

“ስሙን ከጠራሁ ደም ይፈሳል። አላህ ያውቀዋል፣ ይበቃል።”

ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሰፈሩ ወንዶች በየተራ እየቀረቡ “አላህ ያጽናሽ” አሉኝ። ዐይኔን ጨፍኜ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ አዳመጥኩ።