ቀዝቃዛው ማቀዝቀዣ

ሽሮ ሜዳ በሚገኝ አንድ ጥልፍ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ወለል ላይ ተቀምጬ ከቀሚስ ጀርባ የተንጠለጠለ ክር በመቀስ ስቆርጥ ቆየሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ትሠራ የነበረችው ሴት አግብታ ስትሄድ የቤቱ ባለቤት እትዬ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩን ያገኘሁት በዚህ ዓይነት ነው።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው የሚያስፈልገኝን ብቻ ነው። ጥለቱን እከፍታለሁ፣ መጠኑን አስተካክላለሁ፣ የክሩን ቀለም እመርጣለሁ፣ የጥልፍ ማሽኑን አዛለሁ፤ ማሽኑ ይሰፋል። ገዢ ሲመጣ ስክሪኑን እያየሁ ስለምቀመጥ ማንም አያናግረኝም። ለእኔ የወንበሩ ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር።

እትዬ አዲስ ዕቃ ከገዙ ፕላስቲኩን አያስነሱም። ወንበሮቹ ፕላስቲክ እንደለበሱ ናቸው፤ በሙቀት ቀን ስነሳ ቀሚሴ ተጣብቆ ይቀራል። ሪሞቱም፣ የግድግዳው ሰዓትም ከነፕላስቲካቸው ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የአዲሱን ኪቦርድ ሽፋን መላጥ ስጀምር እትዬ "ገና ሳይገባ ልታስረጂው ነው?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ልጬ አላውቅም።

አንድ ሰሞን የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። እትዬ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አዲስ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ገዝተው መጡ። ሻጩ "አራት ብሎን ነው፤ ማንም ይገጥመዋል" ብሏቸዋል። ማንም የተባልኩት እኔ ነበርኩ።

ፕሮሰሰር ማለት ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ትንሽ ካሬ ነገር ነው፤ ሲያስብ ይግላል። ማቀዝቀዣው ከላዩ ተቀምጦ ሙቀቱን በብረቱ ይወስድና በፋኑ ይበትነዋል። በመካከላቸው እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ግራጫ ቅባት ይቀባል። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ አየሁ። አሮጌውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ ቅባቱን ቀባሁ፣ አዲሱን አስቀምጬ አራቱን ብሎኖች አጠበቅሁ። ከብረቱ ሥር ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ነበር። አይቼዋለሁ። እንዳይቀደድ ተጠንቅቄ ከነፕላስቲኩ አስቀመጥኩት።

ኮምፒውተሩ በስድስት ደቂቃ ጠፋ። መልሼ ሳበራው በአራት ደቂቃ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ግሏል የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ወጣ። ማሽኑ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደሰካ ቆመ። ጨርቁ ለመልስ የሚለበስ የሙሽራ ቀሚስ ነበር። ሐሙስ ይወሰዳል ተብሏል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው።

እትዬ "መብራቱ ነው" አሉ። ሌላ ሶኬት ላይ ሰካነው፤ ጠፋ። ከጎናችን ጋቢ የሚሸጡት ሽማግሌ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

"ደክሞት ነው። እስቲ አሳርፉት።"

"ከጠዋት ጀምሮ ከማረፍ ሌላ ምን ሠራ፣ ጋሼ?" አሉ እትዬ።

የጎኑን ክዳን ከፍተን ትልቁን የቁም ፋን አዞርንበት። አምስት ደቂቃ ቆየ። እትዬ ይህን እንደ መሻሻል ቆጠሩት። ከዚያ ግን ተስፋ ቆረጡና ለእህታቸው ደወሉ።

"ያቺ ጎረቤትሽ ዲፕሎማ አላት ያልሽኝ በኮምፒውተር ነው አይደል? በይ ነገ ጠዋት ትምጣ።" ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "አትቀየሚኝ። አንቺ ወደ ክርሽ ትመለሻለሽ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል። ወደ ወለሉ መመለስ ግን አልፈለግሁም። ወለል ላይ የተቀመጠን ሰው ገዢው ሁሉ ያናግረዋል።

እትዬ ቀጥለው ወደ ማቀዝቀዣው ሻጭ ደወሉ። "የሸጥክልኝ ፎርጅድ ነው! ነገ አምጥቼ ነው የምጥልልህ!" እሳቸው ሲጮኹ እኔ እጄን ማቀዝቀዣው ብረት ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ፕሮሰሰሩ እየነደደ ከላዩ ያለው ብረት ለብ እንኳን አላለም። ትኩስ ድስት በወፍራም ጨርቅ ሲይዙት ሙቀቱ እጅ ላይ አይደርስም። እዚህ ጨርቁ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

"እትዬ" አልኩ። አልሰሙኝም። "እትዬ፣ ሰውየውን አይሳደቡ።"

ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ። "ምን አልሽ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ አልላጥኩትም።"

"ታዲያ ደግ አደረግሽ!"

ከስልኩ ውስጥ ሻጩ "ምን? ፕላስቲኩን አልላጣችሁም?" ሲል ተሰማ።

"አንተ ቆይ። ልጠን ካልሠራ መልሰህ ትቀበለኛለህ?"

"ከተላጠማ እንዴት እቀበላለሁ፣ እናቴ?"

"ይኸው!" አሉኝ እትዬ፣ እኔ ያልኩት ይመስል።

እውነታቸውን ነው። ካልተላጠ ዕቃው ይመለሳል፤ ከወንበሩ የምነሳው እኔ ብቻ ነኝ። ተልጦ ካልሠራ ዕቃውም እኔም ከንቱ ነን።

"እኔ ልላጠው" አልኩ።

"ካልሠራስ?"

"ካልሠራ ነገ ልጅቷ ትምጣ።"

"ልጅቷማ ትመጣለች።"

"እንግዲያው ምን ይቀርብኛል?"

ማን እንደተናገረ ለማየት ዘወር ልል ምንም አልቀረኝም። ጋቢ ሻጩ ከበሩ "ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?" አሉ። እትዬ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እሳቸው ዘንድ ይህ ፈቃድ ነው።

ብሎኖቹን ፈታሁ። ፕላስቲኩን በጥፍሬ ጫፍ ይዤ ላጥኩት፤ ድምፅ ነበረው፤ የእትዬ ትከሻ ሲነሳ አየሁ። የቀድሞውን ቅባት ጠርጌ ከቱቦው የተረፈውን ጨመቅሁ። አራቱን ብሎኖች መልሼ አጠበቅሁና አበራሁት።

ስድስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ማሽኑ የደረቱን ጥለት ጨርሶ ወደ እጅጌው ገባ። ሩብ ሰዓት ሲሆን እትዬ መጥተው ብረቱን ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ጋለ እኮ!"

"መጋል አለበት፣ እትዬ።"

ከዚያ ስልካቸውን አንስተው እህታቸው ዘንድ ደወሉ። "ያቺን ልጅ ተያት። አይ፣ ሰው አለኝ።" ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሁለተኛው እጅጌ እስኪያልቅ እንዳትነሺ" አሉኝ።

አልተነሳሁም።