በቃኝ ያለው ጎረቤት

ስቶክሆልም ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በሙከራ ቀጥሮኝ ነበር። ሥራችን ለሱፐርማርኬት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ማሰብ፣ ካሜራ ሳይነሳ ሀሳቡን በሥዕል ለሰው ማሳየትና አስተያየት መልቀም ነው። ለመጪው ረመዳን የታሰበው የእኔ ሀሳብ ነበር። ካለፈ ቋሚ እሆናለሁ፤ ከወደቀ ደህና ሁኚ ነው። አለቃዬ ይህንን ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ።

ሀሳቡ ቀላል ነው። ለማፍጠር የተቀመጠ የወሎ ቤተሰብ ስዊድናዊ ጎረቤቱን ይጠራል። ጎረቤትየው ትንሽ ይቀምስና "በቃኝ" ይላል፣ ሳህኑ ይነሳለታል፣ ሁሉም ይስቃል፣ የሱፐርማርኬቱ ስም ይመጣል።

መጀመሪያ ብሬዴንግ በሚባለው የከተማው ሰፈር ለሚኖሩ የአገሬ ሰዎች አሳየሁ። ሥራው የእኔ መሆኑንም ነገርኳቸው። "ማሻአላህ!" "እጅሽ ይባረክ!" አንድ እንኳ ነቀፋ የለም። አለቃዬ ደስ አለው። እኔ ግን፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አበሻ መቼ ነው የሰው ሥራ ፊት ለፊት የሚነቅፈው? በቴሌቪዥን ወጥቶ አገር ምድሩ ከሚስቅብኝ አሁኑኑ ይለይልኝ አልኩ።

ስለዚህ አካላ በሚባለው ሌላ ሰፈር ለተሰበሰቡት ወሎዬ እናቶች ሥዕሎቹን ስዘረጋ፣ "ይሄ የአንድ ባልደረባዬ ሀሳብ ነው፤ እሱ ዛሬ አልመጣም" አልኳቸው።

ወዲያው ተንጫጩ። "ኧረ ምን ዓይነት ቤት ነው!" አሉ ጥግ የተቀመጡት ትልቅ ሴት። "እንግዳ አንዴ በቃኝ ስላለ ሳህን ይነሳል? በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ! ጠርተው ከነረሀቡ ሊሰዱት ነው?"

"ይሄን የሠራውን እናት አላሳደገችውም" አሉ ሌላዋ።

እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ሰው ቤት ደጋግሜ እምቢ እንድል ያስተማረችኝም እሷው ናት። እዚህ አገር ግን አንዴ እምቢ ካልሽ ሳህኑ ይነሳል፤ ሳላውቀው ለምጄው ኖሯል። አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

አብሮኝ የመጣው፣ አማርኛ የማይሰማው አለቃዬ "ምን አሉ?" አለኝ። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩለት፣ ስለ እናት የተባለውን ጭምር። ሥዕሎቹን ሰበሰበ። "ይሄን አንሠራውም። ስለ ቅጥርሽ ሰኞ እናወራለን።" የሰኞው ወሬ ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።

ልወጣ ስል ትልቋ ሴት በር ላይ ያዙኝ። "አንቺ ልጅ፣ ያልነውን ለዚያ ባልደረባሽ እንዳትነግሪው። የሰው አገር ነው፣ እንጀራዬን ዘጉብኝ ብሎ እንዳይቀየመን።"

"አልነግረውም፣ እማማ።"

በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ዘረጉልኝ።

"ኧረ አይቸገሩ።"

"በሞቴ!"

"በልቻለሁ እኮ።"

"አፈር ስሆን!" ብለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱትና ሌላ ጥቅል ደረቡበት። "ይሄን ለሱ አድርሽልኝ። ሥራው ቀርቶበት ይከፋዋል፣ ምስኪን።"

ባቡር ውስጥ መጀመሪያ የእኔን በላሁ። ከዚያ የእሱን ፈታሁና እያለቀስኩ በላሁት።