ያልጮህኩበት ከሰዓት

ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ክንዴ ላይ ያለው የጥርስ ምልክት ይጠዘጥዘኛል። ጎረቤቴ፣ ትናንት አብረን ልብስ ስናጥብ አየሽውና «ውሻ ነክሶሽ ነው?» አልሽኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ውሻ አይደለም፤ ጓደኛዬ ናት!

ልጅ ሳለሁ የቤታችንን መስኮት በቡጢ ካረገፍኩት በኋላ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ልጆች ተኝተው የሚታከሙበት ቤት አስገቡኝ፤ እዚሁ ጎንደር። ክፍላችን በረኪናና እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። ሳህኑም ኩባያውም ፕላስቲክ ነበር፤ የሚሰበር ነገር አይሰጡንም። ስንወራወርበት ግን ፕላስቲክም ያማል።

አንድ ቀን ከጭልጋ በኩል አንዲት እኩያዬን እጇን በጠፍር አስረው አመጧት። ዘበኛው «አያ፣ ይፍቱላት እንጂ፤ በሬ መሰለችዎት እንዴ?» ሲል አባቷ «ብፈታት ትገድልሃለች» አሉት። እውነታቸውን ነበር። ገና ስትፈታ በግንባሯ ገጭታ አፍንጫውን አደማችው። ማታውን እኔን ከአልጋዬ ጎትታ ጣለችኝ፤ እኔም ጸጉሯን ጨብጬ ከግድግዳ አላተምኳት። ሲስተር መሃላችን ገብታ «በሉ፣ መጀመሪያ እኔን ጨርሱኝና ረፉ!» አለችን።

እንዴት እንደተዋደድን እንጃ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተንቀጠቀጠች አልጋዬ ውስጥ ትገባ ነበር። አንድ ቃል ግን አትተነፍስም።

መድኃኒቱ ሊያረጋጋት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከሰዓት አባቷ ተመልሰው መጡ። ኮሪደሩ ላይ ሆነው ለሲስተር ሲናገሩ ሰማናቸው።

«ዛሬም የምትማታ ከሆነ ይዣት እሄዳለሁ። ቤቴ አስሬ አኖራታለሁ።»

«ከተማታች እኮ ሰነበተች» አለቻቸው ሲስተር።

ጓደኛዬ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ክንዴን ነከሰችኝ። ጥርሷ ሥጋዬ ውስጥ ሲሰምጥ ተሰማኝ፤ ደሙ በክርኔ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ብጮህ ትታሰራለች። የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ በሌላው እጄ ጀርባዋን ደባበስኳት። የአባቷ ኮቴ እየቀረበ መጣ። በሩ ሳይከፈት ለቀቀችኝ። ራሷ! ማንም ሳያላቅቃት! ክንዴን ጋቢው ውስጥ ከተትኩ፤ እሷም አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው አይዋት፣ አይዋት።

«ሸጋ ሆነሻል» አሏት። ለሲስተር «በቃ፣ ትቆይ» ብለው ወጡ።

ሲስተር ቁስሌን ስታጥብ «ምነው አልጠራሽኝ? እሳቸውን እኔ አሳምናቸው ነበር እኮ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ጓደኛዬ ከክረምቱ በኋላ ተሽሏት ወደ አገሯ ሄደች። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ስልኩ ይጠፋል፤ አሁን የት እንዳለች አላውቅም።

የነከሰችኝ ዕለት ግን ሲስተር ፋሻውን አስራልኝ እንደወጣች፣ ጓደኛዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን የሰማሁት፤ ቀጭን ነበር፣ እንደ ሕፃን።

«አመመሽ?»

«ትንሽ» አልኳት።

ጎንበስ አለችና ፋሻው ላይ እፍ፣ እፍ አለችልኝ።