«ክቢ» የተባልኩ ቀን

ፌስታሉ ሞቆ ነበር። ልጄ ማህሌት የበረንዳችንን የእንጨት ወለል ቀብታ ስትጨርስ፣ ቅባት የጠጣውን ጨርቅ ሁሉ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቃ አስራ ከመጋረጃው ሥር አስቀምጣዋለች። ልለፍ ስል እግሬን ነካኝ። ሙቀቱ የታመመ ልጅ ግንባር ይመስላል። ፀሐይ አላገኘውም፣ እሳት አልቀረበውም። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት።

«ማሂ፣ ይሄን ማነው የቋጠረው?»

«እኔ ነኛ፣ ቤቱ እንዳይዝረከረክብሽ ብዬ። ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?»

አል ተዓውን የሚባለው ሰፈር ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው። እሷ ጋርሁድ አንድ የጭነት ቢሮ ትሠራለች፤ እኔ አጅማን እየተመላለስኩ ሰው ቤት አጸዳለሁ። እንጨቱን የቀድሞው ተከራይ ነው ትቶልን የሄደው፤ ፀሐይና አቧራ አመድ አስመስለውት ነበር። «ዛሬ እኔ አሳምርልሻለሁ» ብላ ከጠዋት ጀምራ ስትፈትግ ዋለች። ይህን ሥራ እንደማውቀው ነግሬያት አላውቅም። ብነግራት የቀረውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ማህሌትን በስምንት ወሯ ለእናቴ ትቼ ወደ ዓረብ አገር መጣሁና ጁሜይራ አንድ ቪላ ገባሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ዓረብኛውማ ከየት ይምጣ። ማዳም የሶርያ ሰው ነበረች፤ ስትናገር ጆሮዬ አይደርስባትም። ቤቱ ውስጥ አንዲት ሌላ ሐበሻ ነበረች፣ ጥሩዬ የምትባል፣ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። አንድ ቀን ማዳም «ሚልህ» ስትለኝ «ሚልክ» ያለች መስሎኝ ወተት ይዤላት ሄድኩ፤ ለካ ጨው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥሩዬ አለቀቀችኝም።

«የኔ ሊቅ፣ ዛሬስ ሻዩን በምን ልታጣፍጪው ነው?»

ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አፈርኩ፤ የማላውቀውን ቃል መጠየቅ ተውኩ።

ሙቀቱ ሲበርድ ማዳም እንግዳ ልትጠራ አሰበች። ከቤቱ ጀርባ፣ በመዋኛው ዳር፣ ሰፊ የእንጨት ወለል ነበር። የባሕሩ ጨው በልቶት ሸብቷል። በሳሙና ስናጥበው ጥቁር ውሃ ወረደው። እኔ የእንጨቱን መስመር አቋርጬ ወደ ጎን ስፈትግ ጥሩዬ እጄን ያዘችኝ።

«በመስመሩ ሂጂ እንጂ። ፀጉር አበጥረሽ አታውቂም?»

ሁለት ቀን ደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ላግነው፣ ከዚያ ቡናማውን ቅባት በጨርቅ መቀባት ጀመርን። ቅባቱ ተልባ ተልባ ይሸት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ባዳ ነገር መሐል እሱ ብቻ የቤቴን ጓዳ አስታወሰኝ። ኹብዙን፣ የዓረቡን ቂጣ፣ በእርጎ እየጎረስን፣ ቁጭ ሳንል፣ እስከ ቀትር ጨረስነው። ጥሩዬን ሽታው ራሷን አሳመማትና ክፍላችን ገብታ ተኛች።

ማዳም ከወጥ ቤቱ በር ሆና ወደ ጨርቆቹ ጠቆመችኝ። «ክቢ፣ ያላ፣ ክቢ» ብላ ገባች።

ቃሉን አገላበጥኩት። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ ድንጋይ ሲካብ ነው ያደግኩት። ካቢ ማለቷ ነው፣ ከጥሩዬ አማርኛ ለቅማ ይሆናል አልኩ። ጥሩዬ እዚያው ግድግዳ ጀርባ ናት። ብጠይቃት «የኔ ሊቅ» ትለኛለች ብዬ ተውኩት። ጨርቆቹን አንድ በአንድ አጠፍኩ፣ ካርቶን ውስጥ አስተካክዬ ካብኩ፣ ጥላ ነው ብዬ በክፍላችን ክፍት መስኮት ሥር፣ በውጭ በኩል አስቀመጥኩ። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ልብስ ልተኩስ ፎቅ ወጣሁ።

እንዲህ ያለ ቅባት የጠጣ ጨርቅ ተደራርቦ ሲታፈን በራሱ ይሞቃል፣ በራሱ ይነዳል። በምን አውቄ።

ጭሱ ሸቶኝ ስወርድ የመስኮታችን መጋረጃ እየነደደ ነበር። ጥሩዬ የሚነደውን ካርቶን በባዶ እጇ ጎትታ መዋኛው ውስጥ ጥላዋለች። አልጮኸችም። ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ገና ጠዋት የቀባነው እንጨት ላይ ተንበርክካለች። መጋረጃውን በባልዲ ውሃ አጠፋሁት።

ማዳም እየሮጠች መጣች። «ክቢ፣ ክቢ» እያለች ወደ ካርቶኑ ስትጠቁም፣ ማነው የከመረው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ። ጥሩዬ ቀደመችኝ።

«አና» አለች።

እኔ ነኝ ማለት ነው። ያቺን ቃል አውቃት ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።

«ለምን?» አልኳት ክፍላችን ስንገባ።

«አንቺ ልጅ አለሽ። እኔን ማን ይጠብቀኛል?»

በሳምንቱ ወደ አገሯ ላኳት። እጇ እንደተጠቀለለ ነበርና ሻንጣዋን እኔ አሰርኩ፣ ፀጉሯን እኔ አበጠርኩ። «በመስመሩ ሂጂ» አለችኝ፣ ልትስቅ ሞክራ። በር ላይ ስትደርስ ዞረች። «ክቢ ማለት ጣዪው ማለት ነው። ብስቅብሽ ምን አለበት፣ ጠይቂ።» የሰጠችኝን የጎረቤት ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ። አንድ ቀን ያነሱት ሰዎች፣ ከሰፈሩ ለቃለች፣ የት እንደገባች አናውቅም አሉኝ። ማህሌት የተማረችው እኔ እዚያ ቤት በመቆየቴ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ የነገርኳት ጨርቆቹን ባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየዘረጋሁ በረንዳው ብረት ላይ ማስጣት ጀመርኩ።

«ለማዳም ከዚያ በኋላ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

ማህሌት ከባልዲው አንድ ጨርቅ አንስታ ጨመቀችና ከኔው አጠገብ ዘረጋች። ወለሉን አየሁት፤ በመስመሩ ነው የቀባችው፣ ማንም ሳያሳያት። ጥሩዬ የት እንዳለች፣ እጇ ድኖ ማበጠሪያ ይይዝ እንደሆነ፣ ዛሬም አላውቅም።

የመጨረሻውን ጨርቅ በመዳፌ ነካሁት። በርዷል። ከታች ያለውን ፌስታልም፣ ወለሉንም ነካሁ።

«በርዷል» አልኳት። «አሁን ደህና ነን።»