ካዛንቺስና ቄራ ሰላም ሲባባሉ

ልጄ ጡት እንደተወች ለእናቴ ሰጥቻት ሥራ ገባሁ። ካዛንቺስ የነበረ አንድ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ነው የቀጠረኝ፤ ለሙከራ ጊዜ ብቻ። ሥራዬ ዋናውን መሥሪያ ቤትና ቄራ ያለውን መጋዘን በኮምፒውተር ማገናኘት ነበር። ከተሳካልኝ ቋሚ እሆናለሁ። ካልተሳካልኝ ሥራ አስኪያጁ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከውጭ ይገዛሉ፣ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቤቴን አልጠላም። ግን የተማርኩት ነገር ቀስ በቀስ ከእጄ እየወጣ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ያንን ሥራ ስለት ተስዬ ነው ያገኘሁት።

እስከዚያ ድረስ መጋዘኑ በየቀኑ የቀረውን መድኃኒት ዝርዝር ፍሎፒ ዲስክ ላይ ገልብጦ በተላላኪ ይልክልን ነበር። ተላላኪው ከቄራ የሚመጣው በታክሲ ነው። በዘገየ ቁጥር መልሱ ያው ነበር፤ “ታክሲው አልሞላም።”

የመጋዘኑን ፕሮግራም የሚጽፉት አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ ይይዝ በነበረበት ዘመን የተማሩ ናቸው። እሳቸው ቄራ፣ እኔ ካዛንቺስ ሆነን በስልክ እየተነጋገርን ነው የሠራነው። የመድኃኒቱ ስም የት ይጻፍ፣ ብዛቱ የት ይጻፍ፣ ስህተት ሲኖር ምን ይባል፣ ሁሉን አንድ በአንድ ተስማማን። የቀረ ነገር ያለ አልመሰለንም።

መልእክቱ የሚሄደው በሌላ የስልክ መስመር ስለሆነ ያለንን መድኃኒት ሌላ ሰው እንዳያይ መቆለፍ ነበረበት። እንዲህ ባለ ግንኙነት ሁለቱ ማሽኖች መጀመሪያ መታወቂያ ይተያያሉ። ቀጥሎ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ቁልፍ ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የሚጀመረው። ወሬው የሚፈሰው በሁለት ቦይ ነው፤ አንዱ መስሚያ፣ አንዱ መናገሪያ። በሙያው ቋንቋ ስትሪም ይባላሉ።

መታወቂያው ተሳካ። ቁልፉም ተሳካ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ማሽኑ ስህተት አለ ቢል እንኳ ደግ ነበር፤ የሚይዙት ነገር ይገኛል። ይኼ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

“ጋሼ፣ በእርስዎ በኩል ምን ይላል?”

“ምንም አይልም። በአንቺስ?”

“ምንም።”

“ቢያንስ አልተጣሉም” አሉኝ።

ሳምንቱ በዚሁ አለቀ። ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ “ሰኞ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ግን የውጭዎቹን አነጋግራለሁ” አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ብዙ ጠብቀውኛል።

እሑድ ቂርቆስ አስቀድሼ፣ ያለኝን ለአምላኬ ነግሬ፣ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። የእናቴ ማኅበር የሚጠጣበት ቀን ነበር። ውጭ ያካፋል። ሁለት የሰፈር እናቶች እኩል በሩ ላይ ደረሱ፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች መጥተው ነው።

“ይግቡ እንጂ፣ እትዬ።”

“ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።”

“በሞቴ! ታላቅ ቆሞ እኔ ልግባ?”

“ማን ነው ታላቅ? በእርስዎ ሠርግ ላይ እኔ እኮ ገና ሚዜ ለማየት የምሯሯጥ ልጅ ነበርኩ።”

“አይ፣ ልጅስ አልነበሩም። ደርሰው ነበር።”

እናቴ ከውስጥ፣ “ኧረ ወጡ በረደ” ትላለች። እነሱ ግን አልተነቃነቁም። ነጠላቸው እየራሰ፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች፣ ሁለቱም እየሳቁ ቆሙ። ልጄን አቅፌ ሳያቸው ቆየሁ። ያየሁት የእኛን ፕሮግራም ነበር።

ሰኞ በጠዋት ቄራ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ቁልፉ ላይ ከተስማሙ በኋላ የእርስዎ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚከፍተው የትኛውን ነው? መስሚያውን ነው ወይስ መናገሪያውን?”

“መስሚያውን ነዋ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይናገር ቅርንጫፍ አፉን ይከፍታል እንዴ?”

“እኔም መስሚያውን ነው የከፈትኩት።”

“አንቺ ደግሞ ለምን?”

“እርስዎ ታላቅ ነዎት።”

ሳቃቸው በስልኩ ውስጥ መጣ። ሁለታችንም ፕሮግራማችን የሌላውን ቃል ሳይሰማ ወደሚቀጥለው መስመር እንዳያልፍ አድርገን ነበር የጻፍነው። ሁሉን ተስማምተን፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል ግን አልተነጋገርንም። ሰው ሲያስተምረን ያደግነውን ማሽን ላይ ጻፍነው።

“በይ እንግዲህ ቅደሚ” አሉኝ። “ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ።”

በኔ በኩል ያለውን ቅደም ተከተል አዙሬ፣ መጀመሪያ ሰላም እንዲል አደረግኩት። ሳስነሣው ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ስልኩን በትከሻዬ ይዣለሁ።

“ጋሼ፣ ደረሰ?”

“አልደረሰም።”

“ልኬዋለሁ እኮ።”

“ታክሲው አልሞላ ይሆናላ።”

ለቀልድ ነበር ያሉት። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። መናገሪያው ቦይ ቃልን አንድ በአንድ አይልክም፤ ሰብስቦ ሲሞላ ነው የሚነሣው። የኔ ሰላምታ ደግሞ አጭር ነበረች። ብቻዋን ገብታ ተቀምጣ ሌላ ተሳፋሪ ትጠብቃለች። ሳይሞላም ቢሆን ሂድ የሚል ትእዛዝ አለ፤ ከሰላምታው በኋላ እሱን መጻፍ ረስቻለሁ። አንድ መስመር ጨመርኩና በሆዴ የቂርቆስን ስም ጠርቼ እንደገና አስነሣሁት።

“መጣ” አሉ ጋሼ።

“ምን ይላል?”

“ሰላም ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ልመልስ?”

“እሱ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፣ ጋሼ።”

“መኖር ነበረበት።”

ወዲያው የመጋዘኑ መድኃኒቶች በየተራ ስክሪኑ ላይ ይወርዱ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው የአንዱን ሽሮፕ ብዛት ድምፅ አውጥተው አነበቡ፣ ስልኩን ከእኔ ተቀብለው ጋሼን መደርደሪያው ላይ ያለውን እንዲያዩ አደረጉ። ልክ ነበር። ስልኩን መልሰው ሰጡኝና፣ “ተላላኪያችን እንግዲህ በምን ያመካኝ ይሆን?” አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው የቅጥር ደብዳቤዬን ከጸሐፊያቸው እንድወስድ ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ወር ማኅበር እነዚያ ሁለት እናቶች ሌላ ቤት በር ላይ ተገናኙ። ልጄን አዝዬ በመካከላቸው፣ “እኔ ልቅደማ” ብዬ ገባሁ። ተከትለውኝ ገቡ። እናቴ፣ “ምን ነካሽ፣ ታላላቆችሽን?” ስትል አንዷ፣ “ተያት፣ እግራችን ደንዝዞ ነበር” አሏት። ስለቴን ያደረስኩትም በዚያው ሰሞን ነው።

ቋሚ ከሆንኩ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት ጋሼ ያሉትን መጨመር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት፣ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር ካዛንቺስ ሰላም ይላል፣ ቄራም እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልስና ወደ ሥራቸው ይገባሉ። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ አይተውት ይኼ መስመር ምን ይሠራል ብለው ጠየቁኝ።

“የጋሼ ነው” አልኳቸው።

የእኔም ነበር።