ባለ ካባው በሶንጎ ፊት

የያዙኝ መሰላል ላይ ሳለሁ ነው። ዲላ መናኸሪያ አካባቢ የአንድ ምግብ ቤት ታፔላ እየጻፍኩ «ክትፎ» የሚለውን ጀምሬ «ፎ» ላይ ስደርስ ከታች ፖሊሶች «አንተ ሰዓሊ፣ ውረድ» አሉኝ። ፊደሏን ልጨርስ ብዬ ለመንኩ። አልፈቀዱልኝም። በኋላ ባለቤቱ ሌላ ሰው ጠርቶ አስጨረሳት። ዛሬም ያቺ «ፎ» ከሌሎቹ ፊደሎች ትወፍራለች፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ታናድደኛለች።

ጥፋቴ ሥዕል ነበር። የቧንቧ ውሃ ሲመረቅ የሚያሳይ ሥዕል ስዬ በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌ ነበር። ሪባን የሚቆርጥ ሰው አለ፤ ከኋላው ባዶ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቆመዋል። መርማሪው «ይህ ሰውዬ ማነው?» አለኝ። «መቀስ የያዘ ሰው ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ማንንም አስቤ አልሳልኩትም። እሱ ግን አንድ የሚያውቀው ሰው ታየውና ወደ እስረኞች ክፍል ላከኝ።

ክፍሉ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ከወለሉ ስንጥቅ የጀንፈል ሽታ ይወጣል። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና «እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም። ተቀመጥ ብቻ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ከጨለለቅቱ ወገን የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። የመሬት ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያው ወሰዷቸው። አስም ስላለባቸው ከመዝሙሩ መሀል ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አጠገባቸው የሚተኛው የጨርቅ ነጋዴ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ ሲሆን እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ አፉ ግን ጾም አያውቅም።

እህቴ ቆጮና ጎመን ይዛ ስትመጣ የሚነበብ ነገር አምጪልኝ አልኳት። ጋዜጣ አይገባም፤ መጽሐፍም ገጽ በገጽ ይፈተሻል። እሷም ልጅ ሳለሁ የሰበሰብኳቸውን ኮሚክ የሚባሉ በሥዕል የተተረኩ የጀግና መጽሔቶች ከአልጋዬ ሥር አውጥታ አመጣች። ፈታሹ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ከሱሪው በላይ ፓንት የለበሰ ሰው ሲበር አየ። «የልጅ ነው እንዴ?» አላት። «የልጅ ነው» አለችው። ገባ።

እነዚህን መጽሔቶች ትምህርት ቤታችን ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ጥሏቸው ነው ያገኘኋቸው። ሥዕል የተማርኩት ከእነሱ ነው። ጀግናው ቀን ቀን የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከተማው ውስጥ ጩኸት ሲሰማ ግን ካባውን አጥልቆ ይበራል። በእንግሊዝኛ ስም ነበረው፤ የክፍላችን ሰዎች «ባለ ካባው» ብለው አወጡለት። ማለዳ መዝሙሩ ሲያበቃ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ልጅነቴን ሙሉ የወደድኩት ነገር ዛሬ ቢያሳፍረኝስ እያልኩ ነበር የምገልጠው።

ሥዕሉ አላሳፈረኝም። ያ ሰዓሊ እጅ መሳል ያውቃል። ሰዓት የሚፈታበትን ጣት አይታችሁ ሥራ የለመደ ጣት መሆኑን ትለያላችሁ፤ እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ መሳል አልቻልኩም። ሴቶቹ ግን ሁሉም አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ ክፉ ሰው ሁሉ ደግሞ ፊቱ ጠባሳ አለበት። ታሪኩን በተመለከተ እኔ አፌን ሳልከፍት ነጋዴው ቀደመኝ። ባለ ካባው መኪና አንስቶ አንዲት ሴት በሚዘርፍ ሌባ ላይ ሲወረውር አቋረጠኝና «መኪናው የማን ነው?» አለ።

«አይልም።»

«ባለቤቱስ ምን አለ?»

«ባለቤቱ አልተሳለም።»

«እንግዲህ እኔ ብሆን ሱቄን ዘግቼ ነው ይህን ሰውዬ የምከሰው» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ያቺ የዳነች ሴትዮስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቸው አማርኛ ለሴትና ለወንድ እምብዛም አይጨነቅም።

«አመሰግናለሁ ብላ ሳመችው።»

«ሌላ?»

«ሌላ የለም፣ አባባ።»

«ሌባውስ? ለምን ሰረቅክ ያለው አለ?»

«የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ነገር አይታይም። በሶንጎ እንየው።»

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰውን ከሰው የሚዳኙበት ጉባኤ ነው። ሽማግሌው ሥርዓቱን ነገሩን። ሁሉም ይቀመጣል፤ ቆሞ የሚናገርም የሚሰማም የለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። በሌለ ሰው ላይም አይፈረድም። ባለ ካባው ስለሌለ እኔ አፍ እንድሆነው ተመረጥኩ። ጠበቃ ብዬ ራሴን ሾምኩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ እትም በሶንጎ ይታይ ጀመር፤ እኔም በክስ ላይ ክስ እሸነፍ ጀመርኩ።

ከሁሉ የምወደውን እትም ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። ንጹህ ሰው በሐሰት ይታሰራል። ባለ ካባው በርሮ መጥቶ የእስር ቤቱን ግድግዳ በጡጫ ያፈርስና ሰውየውን አቅፎ ይወጣል። የሚፈርሰው ግድግዳ ሁለት ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ጡብ በጡብ ነው የተሳለው። ልጅ ሳለሁ ያን ገጽ በእርሳስ እየገለበጥኩ ብዙ ደብተር ጨርሻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ሳነብ አሸንፋለሁ ብዬ ነበር። የታሰረ ሰው ይህን ካልወደደ ምን ይወዳል?

«ከዚያ ወዴት ሄደ?» አሉ ሽማግሌው።

«ማን?»

«የወጣው ሰውዬ። ቤቱ ገባ?»

መጨረሻውን አየሁት። ባለ ካባው ሌላ ከተማ ወስዶ ያስቀምጠዋል። «አልገባም» አልኩ።

«ካልገባ አልተፈታም። ሚስቱ ምን ይባላል? የወንበዴ ሚስት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ጉልበት አለኝ ብሎ፣ ሕዝብ ሳያማክር፣ የሰው ስም ያበላሸ ይህ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው። ጥፋተኛ ነው ነው የምለው እኔ።»

ለካ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሁሉንም ሰምቷል። ውጭ ሆኖ ለሚሰማ፣ ሽማግሌ ተሰይመው ሕዝብ ሳያማክር በጉልበት የሠራ ባለሥልጣን ላይ እየፈረዱ ነው። ሮጦ ተናገረ። የእስር ቤቱ ኃላፊ የሆነው ኢንስፔክተር ጠባቂዎቹን አስከትሎ ገባ።

«ሰብሳቢው ማነው?» አለ።

ስብሰባ የመራ ሰው ኖራ ክፍል እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። የኖራ ጆንያ የሚከማችበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ደም እስኪተፋ እያሳለ ይወጣል። ሽማግሌው እዚያ ከገቡ እንደማይመለሱ ገባኝ። ተነሥቼ «መጽሔቱ የኔ ነው፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ» አልኩ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «መጽሔት ያንተ ነው። ሶንጎ የኔ ነው።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ። «አንተም ተቀመጥ። ሶንጎ ላይ የሚቆም የለም።»

አንዱ ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢንስፔክተሩ የዚያው አገር ልጅ ነው። አባቶቹ ሶንጎ ሲቀመጡ እያየ ማደጉ ከፊቱ ታወቀ። መጽሔቱን ከእጄ ወስዶ የፈረሰውን ግድግዳ አየ። በመጨረሻ ባዶ ጀሪካናችንን በእግሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

«ክሱ ምንድን ነው?» አለ።

ሽማግሌው ነገሩት። አልቸኮሉም።

«የታሰረው ሰውዬ ንጹህ ነበር?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«ንጹህ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነበር መፍታት ያለበት?»

«ያሰረው» አሉ ሽማግሌው። «በበሩ። ሰው እያየ።»

ኢንስፔክተሩ ብድግ ብሎ መጽሔቱን ብብቱ ሥር አደረገና «ይህ ይወረሳል» አለ። ሽማግሌውን አልወሰዳቸውም። «ስትጨርሰው መልስ» አሉት ከኋላው። በሩ ሲቆለፍ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ከሰነበትን በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ጠባቂው በሩን ከፍቶ «አባባ፣ ተፈትተዋል። ዕቃዎን ይዘው ይውጡ» አለ። ሁላችንም እንኳን ደስ ያለዎ ልንል ተነሣን። እሳቸው አልተነሡም።

«ለምን ታሰርኩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ይውጡ ብቻ።»

«የሚያውቅ ይምጣ።»

ነጋዴው ጉልበታቸውን ይዞ ለመነ። «አባባ፣ በእግዚአብሔር! ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ይውጡልን።» እኔም ለመንኩ። ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

«ባለ ካባው ያወጣው ሰውዬ ቤቱ ገባ?» አሉኝ።

«አልገባም።»

ፊታቸውን ወደ ተከፈተው በር አድርገው እንደተቀመጡ ቀሩ። ጠባቂው ልዝጋው ልተወው እያለ ተወዛገበ፤ በመጨረሻ ሄደ። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ የመስኮቷ ብርሃን ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ ደርሶ ነበር። ደፉ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«አባባ፣ ጥፋት የለብዎትም። በስህተት ነው የያዝንዎ። ቤትዎ ይግቡ።»

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ። «ሁሉም ሰማ?»

«ሰማን» አልን።

ያኔ ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁና በበሩ ወጡ።

እኔ ስፈታ ከቀበቶዬና ከስልኬ ጋር ያ እትም ተመለሰልኝ። የፈረሰው ግድግዳ ያለበት ገጽ ጫፉ ታጥፏል። እኔ መጽሔት አላጥፍም።

አሁን ሥራ ሲቀዘቅዝ ሱቄ ውስጥ ደግሜ አነባቸዋለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ ፍርዴ ዝግጁ ነው፤ እጆቹ እስከ ዛሬ አንደኛ ናቸው፣ ግድግዳውም የሚያምር ግድግዳ ነው፣ ታሪኩ ግን በሶንጎ ተረትቷል። ይግባኝ አልጠይቅም። ይልቅ የራሴን ኮሚክ ጀምሬያለሁ። ክፍት በር ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉበት፤ ካባ የላቸውም፣ ጋቢ ነው የለበሱት። ጣቶቻቸውን ብዙ ጊዜ አጥፍቼ ስያቸዋለሁ፤ አሁን የያዙልኝ ይመስለኛል።

በቀደም እህቴ መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችው። «እኚህ ደግሞ ኃይላቸው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«በሩ ተከፍቶላቸው አይነሡም» አልኳት።

ከዚያ የቀለም ባልዲዬን ገልብጣ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።